ለብርድ ማታ የሚሆን የጾም ምስር ወጥ፦ ከሽንኩርቱ እስከ ማዕዱ

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ብርድ ምን እንደሆነ ያውቃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሮጣል፣ ቤት ገብቶም ጋቢ ሳይደርብ አይቀመጥም። ወቅቱ ደግሞ የገና ጾም ነው፣ ኅዳር 15 ይገባና እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም። ክረምት ላይም ፍልሰታ አለች፤ ነሐሴ 1 ስትገባ ዝናቡና ጭጋጉ ገና አልበረደም። ሰውነት በዚህ ሁሉ ብርድ የሚያሞቅና ሆድ የሚይዝ ነገር ይፈልጋል።

በእኛ ቤት ለእነዚህ ማታዎች የሚጣደው ምስር ወጥ ነበር። ከሰሉ ላይ ቀስ እያለ ሲንተከተክ ሽታው ከግቢው በር ይቀበላችኋል። ዛሬ እኔም ልጆቼን የምሰበስበው በዚሁ ወጥ ነው። ለሚጾምም፣ የእንስሳት ተዋጽኦ ጨርሶ ለማይበላም ይሆናል።

ብዙ ሰው የጾም ወጥ ሲሳሳበት ወይም ጣዕም ሲያጣበት «ቅቤ ስለሌለው ነው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ባየሁት ሁሉ ጥፋቱ ሽንኩርቱ በደንብ ሳይቁላላ፣ በርበሬው ሳይበስል ምስሩ መግባቱ ነው። ቁሌቱ ላይ አንድ ሰዓት የታገሠ ሰው ቅቤ አያምረውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ሽንኩርትና በርበሬ ብዙ እጽፋለሁ፣ ስለ ምስሩ ግን ያን ያህል የሚባል ነገር የለም።

የሚያስፈልገው

ይህ ለ6 ሰው በእንጀራ በደንብ ይበቃል፣ ለማግስቱ ፍርፍርም ትንሽ ይተርፋል።

ምስር ክክ 300 ግራም
ድፍን ምስር 200 ግራም
ቀይ ሽንኩርት 1 ኪሎ
ዘይት 2 የቡና ስኒ
በርበሬ 5 የሾርባ ማንኪያ (ልጆች ካሉ 3)
ነጭ ሽንኩርት አንድ ትልቅ ራስ፣ ተልጦ የተወቀጠ
ዝንጅብል የአውራ ጣት ያህል፣ የተወቀጠ
ጨው
መከለሻ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ካልተገኘ የተፈጨ ኮረሪማ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
ፍል ውሃ በማንቆርቆሪያ፣ ሁልጊዜ ከምድጃው አጠገብ

ሽንኩርቱ በዛ እንዳትሉ። አንድ ኪሎው ሲቁላላ ሲሶ እንኳን አይሆንም። ወጡን ወጥ የሚያደርገው፣ ውፍረቱንና ጣፋጭነቱን የሚሰጠው እሱ ነው። ሽንኩርት ሲወደድ የሚቆጥብ ሰው አለ፣ ይገባኛል። ግን ከሽንኩርቱ ስትቀንሱ ከምስሩም ቀንሱ። ትንሽ ግን ጥሩ ወጥ ይሻላል።

ሁለት ዓይነት ምስር የማደርገው በራሴ ልማድ ነው። ክኩ ይሟሟል፣ መረቁን ያወፍረዋል። ድፍኑ ደግሞ ቅርጹን ይይዛል፣ ሲታኘክ ጥርስ ላይ ይገኛል። በክክ ብቻ የተሠራው ለስላሳ ነው፣ ለቁርስም ያምራል። ለብርድ ማታ ግን ጠንከር ያለ ነገር ደስ ይለኛል። ድፍን ምስር ካላገኛችሁ 500 ግራሙን በሙሉ ክክ አድርጉት፣ አሠራሩ አይለወጥም።

ውጭ አገር ያላችሁ ምስር ክክ ለማግኘት አትቸገሩም። ሕንዶች ሱቅ «ማሱር ዳል» የሚሉት፣ ቱርኮች «መርጂመክ»፣ ዐረቦች «አደስ»፣ እስራኤል ውስጥ «አዳሺም» የሚሉት ያው ምስር ነው። ብርቱካናማውን የተከካውን ጠይቁ። ድፍኑ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ነው።

ምስሩን ማዘጋጀት

መጀመሪያ ይለቀማል። ሰፌድ ላይ ወይም ነጭ ሳህን ላይ ትንሽ ትንሽ እየበተናችሁ ጠጠርና የተበላሸውን አውጡ። ከሱፐርማርኬት ታሽጎ የተገዛም ቢሆን ልቀሙት፤ አንድ ጠጠር ጥርስ ይሰብራል። ከዚያ ውሃው እስኪጠራ እጠቡት። ክኩን አምስት ስድስት ጊዜ ማጠብ ያስፈልጋል፣ ያ ነጭ ዱቄት ካልወጣ ወጡ ላይ አረፋ ይሠራል።

ድፍኑን ለብቻው በሌላ ድስት ጣዱት። ከምስሩ ሦስት እጥፍ ውሃ ጨምሩና ሲፈላ እሳቱን ቀንሱ። መብሰሉን የምታውቁት አንዷን ፍሬ በሁለት ጣት ስትጫኗት ስትፈርስ ነው፣ ግን ድስቱ ውስጥ ገና እንዳልተፈረካከሰ ሆኖ። ከ25 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ልዩነቱ ከምስሩ ዕድሜም ከምትኖሩበት ቦታም ይመጣል። የቆየ ምስር ይደርቃል፣ ለመብሰል ይለግማል። ከፍታም ነገር አለው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ አዲስ አበባ ግን 92 ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ትንሽ ዝቅ ይላል። ውሃው ፈላ ማለት እንደ ዝቅተኛ ቦታ ሞቀ ማለት አይደለም፣ ስለዚህ ጥራጥሬ ደጋ ላይ ይዘገያል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የመጣ ዘመድ «እዚያ በ20 ደቂቃ ነበር የሚበስልልኝ» ቢላችሁ እውነቱን ነው።

ፕሬዠር ድስት ካላችሁ ለድፍኑ ተጠቀሙበት፣ ጊዜ ይቆጥባል። ለክኩ ግን አያስፈልግም።

ሲበስል ውሃውን አትድፉት። እዚያው ይቆይ፣ በኋላ ወጡ ላይ ይገባል።

ሽንኩርቱ

ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉት፣ በቢላ። ብሌንደር ውስጥ ከትታችሁ ውሃ አታድርጉት። የተፈጨ ሽንኩርት ይመራል፣ ከመቁላላት ይልቅ ይቀቀላል። ክትፊያው አሰልቺ ነው፣ ዓይንም ያስለቅሳል። ልጆቹን አስቀምጡና አብራችሁ ላጡ፤ የቤተሰብ ማታ ከዚህ ይጀምራል።

ወፍራም ድስት ያስፈልጋችኋል። ብረት ድስት ካለ እሰየው፣ ሸክላ ድስት ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ስስ አሉሚኒየም ከሆነ እሳቱን በጣም ቀንሳችሁ አጠገቡ ቁሙ። ድስቱን መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱና ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጨምሩ። አዎ፣ ያለ ዘይት። መጀመሪያ የሽንኩርቱ ውሃ መውጣት አለበት። ዘይት ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱ ዳር ዳሩ ይጠበሳል፣ ውስጡ ግን ጥሬ እንደሆነ ይቀራል። ያ ሽንኩርት በኋላ ወጡ ውስጥ ለብቻው ተለይቶ ይታያል፣ አይሟሟም።

ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ብዙ ሥራ የለም። ሽንኩርቱ ውሃውን ይለቃል፣ ይንጫጫል፣ አልፎ አልፎ ማማሰል ብቻ ነው። ከዚያ ድምፁ ይለወጣል። ውሃው ሲያልቅ መንጫጫቱ ይደርቃል፣ ድስቱ መያዝ ይጀምራል። ከዚህ በኋላ ማማሰያው ከእጃችሁ አይለይ። ሲይዝ አንድ ማንኪያ ፍል ውሃ ጠብ አድርጉና ከታች ያለውን ቡናማውን ነገር ፋቁት። እሱ ጣዕም ነው፣ ወደ ሽንኩርቱ መልሱት። እንደገና ሲይዝ እንደገና ጠብ። አሁንም ፋቁ። እንዲህ እየተደረገ ከነጭ ወደ ወርቃማ፣ ከወርቃማ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ጠቅላላ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል።

የሐበሻ ሽንኩርት የምንለው ትንሹ፣ ደረቅ ያለው ፈጥኖ ይቁላላል፣ ጣዕሙም ይጠነክራል። ፈረንጅ አገር የምታገኙት ትልልቅ ሽንኩርት ውሃ ይበዛዋል፣ ጣፋጭም ነው። ለእሱ አሥር ደቂቃ ጨምሩለት፣ ተስፋ አትቁረጡ።

እዚህ ላይ ጨው የሚነሰንስ ሰው አለ፣ ውሃውን ቶሎ ያወጣል። መጥፎ አይደለም። ግን በርበሬያችሁ ራሱ ጨው ሊኖረው ስለሚችል ቁንጥር ብቻ ይሁን።

አሁን ዘይቱን ጨምሩ። ሁለት የቡና ስኒ ብዙ ሊመስል ይችላል፣ ለ6 ሰው ግን ብዙ አይደለም። የጾም ወጥ ላይ የበርበሬውን ቀለምና ጣዕም ተሸክሞ ወደ ምስሩ የሚያደርሰው ዘይት ነው፤ የበርበሬ ማቃጠልና ቅላት በውሃ አይሟሙም፣ በቅባት ነው የሚሟሙት። የሱፍ ዘይት ጥሩ ነው። የኑግ ዘይት ለለመደው ሰው የተለየ ሽታ አለው፣ እናቴ ሌላ አታውቅም ነበር። የወይራ ዘይት ግን ለዚህ ወጥ አይሆንም፣ የራሱ ጣዕም ይጋፋል።

ዘይቱ ከገባ በኋላ ሌላ ስምንት አሥር ደቂቃ አቁላሉት። ሽንኩርቱ ተጣብቆ አንድ ሲሆን፣ ከዘይቱ ጋር ሲላቆጥ፣ ደርሷል።

ለልጆች እዚህ ጋ ቆም በሉ

ትንንሽ ልጆች ካሉ ወይም ጨጓራ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ በርበሬው ከመግባቱ በፊት ከቁሌቱ ሁለት ጭልፋ ቀንሳችሁ በትንሽ ድስት አስቀምጡ። እዚያ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ሁለት እፍኝ የታጠበ ምስር ክክ፣ ሁለት ብርጭቆ ፍል ውሃ ጨምሩና ጎን ላይ ይብሰል። አልጫ ሆነ ማለት ነው። ሁለት ወጥ፣ አንድ ክትፊያ።

በርበሬው

ድስቱን ከእሳት አውርዱት። ይህን የማይነግራችሁ ሰው ብዙ ነው፣ ግን በርበሬ የሚያርረው እዚህ ላይ ነው። የጋለ ዘይት ላይ ደረቅ በርበሬ ሲበተን ሰላሳ ሰከንድ ይበቃዋል። ያረረ በርበሬ ይመራል፣ በስኳርም በውሃም አይስተካከልም። አንድ ጊዜ የፍልሰታ መግቢያ ላይ ለአሥራ ሁለት ሰው የጣድኩት ድስት እንዲህ ሆኖብኝ እንዳለ ደፍቼ ከሽንኩርቱ ጀምሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ድስቱን ሳላወርድ በርበሬ ጨምሬ አላውቅም።

ድስቱ ወርዶ ትንሽ ሲረጋ በርበሬውን ጨምሩ፣ ወዲያው ግማሽ ስኒ ፍል ውሃ አስከትሉና አማስሉ። ከዚያ በጣም ለዘብ ያለ እሳት ላይ መልሱት። ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ግማሹን አሁን ጨምሩ፣ ግማሹን ለመጨረሻ አስቀሩት።

አሁን ነው ትዕግሥት የሚያስፈልገው። በርበሬው ውሃውን ይጠጣል፣ ይጠብቃል፣ ድስቱን መያዝ ይጀምራል። ሁለት ማንኪያ ፍል ውሃ ጠብ። አማስሉ። እንደገና ይጠብቃል። እንደገና ጠብ። አምስት ስድስት ጊዜ እንዲህ አድርጉ፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይፈጃል። ብዙ ውሃ አንድ ጊዜ ጨምሮ መሄድ አይሆንም፣ ያ ይቀቅለዋል እንጂ አያበስለውም።

መብሰሉ በሦስት ነገር ይታወቃል። አንደኛው ሽታው ነው። ጥሬ በርበሬ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ያስላል። የበሰለው ግን ሞቅ ያለ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ቅመሙ የሚለይ ሽታ አለው። ሁለተኛው ቀለሙ ነው፣ ከደማቅ ቀይ ወደ ጥቁር ቀይ ይሄዳል። ሦስተኛውና እኔ የማምነው ዘይቱ ነው፤ ቁሌቱ ዳር ዳር ቀይ ዘይት ሲለይ፣ ማማሰያውን ስታነሡ ዘይቱ ሲመለስ፣ አበቃ። ዘይቱ ሳይመለስ ምስር አይገባም።

ስለ በርበሬው ራሱ አንድ ሁለት ቃል ልበል። ጥሩ በርበሬ ውስጥ ዛላው ብቻ አይደለም ያለው፤ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ፣ አብሹ አብረው ተፈጭተዋል። ስለዚህ ወጥ ላይ ሌላ ቅመም ማብዛት አያስፈልግም። የማረቆ በርበሬ የሚወደደው በቀለሙም በጣዕሙም ነው። በርበሬያችሁ ዓመት ካለፈውና ቀለሙ ቡናማ ከሆነ የምታደርጉት ሁሉ ወጡን ቀይ አያደርገውም። በደንብ አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፣ ብዙ ይቆያል። ውጭ አገር ስትገዙ የላላ፣ ሽታ የሌለው ዱቄት ከሆነ አትውሰዱት። ቀለሙን ፈልጋችሁ ማቃጠሉን ካልፈለጋችሁ ከበርበሬው ሲሶውን በፓፕሪካ መተካት ይቻላል፣ ማንም አይለይባችሁም።

ቲማቲምስ? ብዙ ሰው ይጨምራል። እኔ አልጨምርም። ኮምጣጣ ነገር ምስር እንዳይበስል ያዘገያል፣ ደግሞ ወጡን ወደ ስጎ ይወስደዋል። የግድ ከሆነ አንድ ቲማቲም ልጣችሁ፣ ደቀቅ አድርጋችሁ ከሽንኩርቱ ጋር ዘይቱ ከገባ በኋላ ጨምሩ፣ ውሃው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አቁላሉት።

ምስሩ ይገባል

የታጠበውን ክክ ቁሌቱ ላይ ጨምሩና ውሃ ሳትጨምሩ ሁለት ሦስት ደቂቃ አማስሉት፣ እያንዳንዱ ፍሬ በርበሬውን ይልበስ። ከዚያ አራት ብርጭቆ ፍል ውሃ። ፍል መሆን አለበት። ቀዝቃዛ ውሃ ድስቱን ያቀዘቅዘዋል፣ ዘይቱን ከላይ ለብቻው ያስቀምጠዋል።

ሲፈላ እሳቱን ቀንሱ፣ መክደኛውን ገርበብ አድርጉ። ይንተከተክ፣ አይንደቅደቅ። በየአምስት ደቂቃው ከሥሩ አማስሉ፣ ምክንያቱም ክክ እየሟሟ ሲሄድ ወደ ታች ይቀመጣል፣ ተቀምጦም ያርራል። ውሃ ካነሰው ግማሽ ብርጭቆ ግማሽ ብርጭቆ እየጨመራችሁ ሂዱ። 20 ደቂቃ ሲሆን ክኩ ግማሽ በግማሽ ይፈርሳል። አሁን ቀደም ብሎ የበሰለውን ድፍን ምስር ከነውሃው ጨምሩ። ጨውም አሁን ይገባል። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምሩ፣ ቅመሱ፣ ከዚያ ወስኑ። እንጀራው ኮምጣጣ ስለሆነ ጨው ትንሽ የጎደለው ወጥ በእንጀራ ሲበላ ይበልጥ ይጎድላል፣ ስለዚህ በማንኪያ ሳይሆን በእንጀራ ቁራሽ ቅመሱ።

ሌላ 15 ደቂቃ አብሮ ይብሰል። ውፍረቱን በማማሰያው ታዩታላችሁ። ድስቱ መሐል መስመር ስታሰምሩ ሥሩ ለአፍታ ታይቶ ወዲያው ሲሞላ፣ ልክ ነው። ሥሩ ታይቶ ከቀረ ደርቋል፣ ውሃ ይፈልጋል። ጨርሶ ካልታየ ገና ቀጭን ነው። አንድ ነገር አትርሱ፣ ምስር ወጥ እየበረደ ሲሄድ ይጠብቃል። ለእንጀራ ትንሽ ለቀቅ ብሎ ይውረድ፣ ማዕድ ላይ ሲደርስ በልኩ ይሆናል። በሩዝ ወይም በዳቦ የምትበሉት ከሆነ ከዚያም በላይ ይቅጠን።

የቀረውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩ፣ ሁለት ደቂቃ ይቆይ። እሳቱን አጥፉ። መከለሻውን ነስንሱ። መከለሻ በየቤቱ ይለያያል፣ እኛ ቤት ኮረሪማ፣ ቁንዶ በርበሬና ጥቁር አዝሙድ ነው፣ በትንሹ ተቆልቶ የሚፈጭ። እሳት ላይ እያለ ከገባ ሽታው በእንፋሎት ይሄዳል። ክደኑትና 15 ደቂቃ ተዉት። እዚህ ላይ ልጆች ይመላለሳሉ፣ «ደረሰ?» ይላሉ። አልደረሰም በሏቸው። ይህች 15 ደቂቃ ወጡን ታስማማዋለች።

ቢበላሽስ

ከቀጠነ ክዳኑን ከፍታችሁ ለዘብ ባለ እሳት አቆዩት፣ ወይም ሁለት ጭልፋ አውጥታችሁ በማንኪያ ጀርባ ጨፍልቃችሁ መልሱት። ዱቄት አትጨምሩ፣ ሽሮም አትጨምሩ፣ ሌላ ወጥ ይሆናል።

ጨው ከበዛ ድንች ክተቱበት ይሉ ነበር። ድንች ያንን ጨው ለይቶ አይመጥም፣ መረቁን ትንሽ ይጠጣል እንጂ የቀረው ያው ጨዋማ ነው። መድኃኒቱ ጨው የሌለው የተቀቀለ ምስር መጨመር ነው። ካቃጠለም መፍትሔው ያው ነው፤ ምስር ጨምሩ፣ አልጫና ጎመን ከጎኑ አቅርቡ።

ሥሩ ካረረ አትፋቁት። ከላይ ያለውን ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ፣ የታችኛውን ተዉት። ቶሎ ከደረሳችሁ ጣዕሙ አልሄደም።

ምስሩ ድንጋይ ሆኖ አልበስል ካለ፣ ውሃ ጨምራችሁ ጊዜ ስጡት፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ደግሞ አታስጠጉት።

ማዕዱ ላይ

ትኩስ ይቅረብ፣ ብርድ ነውና። እንጀራው ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ ቀድማችሁ አውጡት፣ ቀዝቃዛ እንጀራ ላይ የተደረገ ወጥ ወዲያው ይበርዳል። ድስቱን ከነክዳኑ አጠገባችሁ አኑሩና ትንሽ ትንሽ እየጨለፋችሁ ጨምሩ። አንዴ ሁሉን ትሪው ላይ መገልበጥ ለበጋ ነው።

ከጎኑ ጎመን፣ ቃሪያ ስንግ፣ ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ አድርጉ። ይህ ለማማሩ ብቻ አይደለም። ምስር ብረት አለው፣ ግን ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር፣ እንደ ሎሚ፣ እንደ ቃሪያ፣ አብሮ ሲበላ በደንብ ይወስደዋል። ቡናና ሻይ ደግሞ ወዲያው ከተጠጡ ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ስለዚህ ቡናው ከማዕዱ በኋላ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተፈልቶ ቢቀርብ መልካም ነው፣ ሥርዓቱ ራሱ ጊዜ ይሰጣል። በተለይ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ይህን ልብ በሉት።

አንድ ማሳሰቢያ ለእንግዳ። ቪጋን የሆነ ሰው ጋብዛችሁ ከሆነ ቁሌቱ ላይ ቅቤ ያለመግባቱን ብቻ ሳይሆን የድስቱንና የማማሰያውን ነገርም አስቡ። ቅቤ የለመደ ሸክላ ድስት ሽታውን ይይዛል። ብዙ ቤት የጾም ድስት ለብቻ የሚኖረው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ሲኖር

ለ12 ሰው ስትሠሩ ሁሉን በእጥፍ አድርጉ፣ ከውሃው በቀር። ትልቅ ድስት በመጠኑ ያህል እንፋሎት አያወጣም፣ ውሃውን ከእጥፉ ቀነስ አድርጋችሁ ጀምሩና እያያችሁ ጨምሩ። ሽንኩርቱ ደግሞ ሁለት ኪሎ ሲሆን ከመጀመሪያው በጣም የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፣ አንድ ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። በሁለት ድስት ከፍላችሁ ማቁላላት ይቀላል። ወይም ቁሌቱን ቅዳሜ ሠርታችሁ ፍሪጅ አስገቡት፣ ዘይቱ ከተመለሰ በኋላ እዚያው ላይ አቁሙት። ከሥራ ስትመለሱ ምስሩን ብቻ መጨመር ነው፣ በ55 ደቂቃ ገደማ እራት ይደርሳል። እኔ በጾም ሰሞን በየሳምንቱ ይህን አደርጋለሁ፣ ረቡዕና ዓርብም ይጠቅመኛል።

የተረፈው

ማግስቱን የበለጠ ይጣፍጣል። ግን ድስቱን ሌሊቱን ሙሉ ምድጃው ላይ አትተዉት፣ ብርድ ነው ብላችሁም ቢሆን። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠፍጠፍ ባለ ዕቃ አድርጋችሁ ፍሪጅ አስገቡ። ሦስት አራት ቀን ይቆያል፣ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ ሁለት ወር ገደማ። ስታሞቁት ደርቆ ታገኙታላችሁ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አስቀድማችሁ ጨምሩና ለዘብ ባለ እሳት እያማሰላችሁ አሙቁት።

ጠዋት ለፍርፍር ከሆነ ደግሞ ሁለት ጭልፋ ወጥ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨምራችሁ አፍሉ፣ ጨውን ቅመሱ፣ ከትናንት የተረፈውን እንጀራ ቆራርሳችሁ ጨምሩና እሳቱን አጥፉ። ለሁለት ደቂቃ ክደኑት። አንድ ቃሪያ ከላይ ቆረጥ ቆረጥ አድርጉበትና ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳይሄዱ ትኩሱን አብሏቸው።